ጥያቄና መልስ፦ አጫሽን ጉንፋን ለምን ቶሎ አይለቀውም?

ሰላም ለሁላችሁ። የሳንባ ሕመምተኞችን አክማለሁ። ስለ ሲጋራና ስለ መተንፈሻ አካል ቫይረሶች ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ጉንፋን ያዘን። ሌሎቹ በሳምንት ተሻላቸው። እኔ አጨሳለሁ፤ ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ ሳሉ አልለቀቀኝም። ሲጋራው ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ አድርግ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ዝም አይባልም፤ ማጨስ ደግሞ ለቲቢም ያጋልጣል።

ወደ ሲጋራው ስንመጣ፣ የአየር ቧንቧህ ውስጡ በሕዋሳት የተሸፈነ ነው። አብዛኞቹ ሕዋሳት አናታቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ በጣም ደቃቅ ፀጉሮች አሏቸው፤ አንዱ ሕዋስ ብቻ 200 ያህል። ፀጉሮቹ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ አቧራና ቫይረስ የያዘውን አክታ እንደ መጥረጊያ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ሳይታወቀን እንውጠዋለን፣ በቃ። ጭስ ውስጥ ያሉት አክሮሊንና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባሉ መርዞች እነዚህን ፀጉሮች ያደነዝዟቸዋል። ጭሱ ሲደጋገም ፀጉሮቹ ያጥራሉ፣ ባለፀጉር ሕዋሳት ይመናመናሉ፣ አክታ አምራቾቹ ይበዛሉ። አክታው በዝቶ ገፊው ሲጠፋ የሚቀርህ ማሳል ብቻ ነው። ብዙ አጫሾችን ጠዋት ጠዋት የሚያስላቸውም ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው አክታ ነው።

ጥያቄ፦ አጫሽ በቫይረስ የበለጠ ይያዛል ሲባል እሰማለሁ። ማስረጃ አለው ወይስ ለማስፈራራት ነው?

መልስ፦ አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ የእስራኤል ጦር ክፍል ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ገባ። ተመራማሪዎች 336 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን አዩ፤ ግማሾቹ አጫሾች ነበሩ። ከአጫሾቹ 68.5 በመቶው ታመሙ፣ ከማያጨሱት 47.2 በመቶው። ጠንቶባቸው የታመሙት ደግሞ ከአጫሾቹ 50.6፣ ከሌሎቹ 30.1 በመቶ ነበሩ። ይህን ጥናት የምወደው ሰዎቹ ወጣቶችና ጤነኞች ስለነበሩ ነው። «ገና ወጣት ነኝ፣ ምን ይነካኛል» ለሚል ሁሉ መልስ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሕዋሱ ላይ የሚሆነውን ዘርዘር አድርገው ይንገሩን።

መልስ፦ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተሠራ ሙከራ አለ። ከማያጨሱ ሰዎች የተወሰዱ የአየር ቧንቧ ሕዋሳትን በላብራቶሪ አሳደጉ። ሕዋሳቱ ከሥር ምግባቸውን ከፈሳሽ ያገኛሉ፣ ከላይ ለአየር ክፍት ናቸው፤ ልክ ሰውነት ውስጥ እንዳሉት። በቀን ለሦስት ደቂቃ፣ ለአራት ቀን የሲጋራ ጭስ አስነኳቸው። ከዚያ የኮሮና ቫይረስ ጨመሩ። ጭስ የነካቸው ላይ የተያዙት ሕዋሳት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሆኑ።

ምክንያቱ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ነው። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ኢንተርፌሮን ለቅቆ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል፣ እነሱም መከላከያቸውን ያዘጋጃሉ። ጭሱ ይህን አዳከመው። ተመራማሪዎቹ ኢንተርፌሮን ከውጭ ሲጨምሩ የተያዙት ሕዋሳት ቀነሱ። ሌላም አለ፦ ከሥር ያሉት ስቴም ሴሎች ጉዳት ሲደርስ ተባዝተው የሞተውን መተካት ነበረባቸው። ጭስና ቫይረስ ሲገናኙ ግን እንደሚገባው አልተባዙም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ጥገናውም ይበላሻል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ «ሲጋራ ይከላከላል» ተብሎ አልነበር?

መልስ፦ ተብሎ ነበር፤ ሆስፒታል ከተኙት መካከል አጫሾች ጥቂት መስለው ስለታዩ። ነገር ግን ሕመምተኛው ማጨሱ ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ በትክክል አይመዘገብም። በኋላ እንደታየው አጫሾች ሲያዙ ይበልጥ ይጠናባቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የማጨሰው ጫት ስቅም ብቻ ነው፣ ሲጋራ ከሱቅ በፍሬ እየገዛሁ። ይህም ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ትቀመጣላችሁ፣ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል። የማያጨሰውም አብሮ ይምገዋል። አንዱ ጉንፋን ይዞ ከመጣ ደግሞ ቫይረሱም ጭሱም እዚያው ይዳረሳሉ። ሺሻም ያው ነው፤ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም፣ ቱቦውም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ነው የምታበስለው፣ ሁሌም ታስላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የእንጨት ጭስም የአየር ቧንቧን ይጎዳል። ሐኪም ቤት ወስደሽ አስመርምሪያት፤ የከረመ የሳንባ ሕመም ሊኖርባት ይችላል። እቤት የጭስ መውጫ ይሠራላት፣ ሕፃን ታዝሎ ወይም ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ጭስ ቤት አይቆይ።

ጥያቄ፦ አቁሜ ነበር። ሳሉ ባሰብኝና ተመልሼ ጀመርኩ። ላቁም ወይስ ይቅር?

መልስ፦ አቁም፣ እባክህ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል ሊጨምር ይችላል፤ ፀጉሮቹ ሥራ ሲጀምሩ የተከማቸውን አክታ ስለሚያወጡ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ሳልና ትንፋሽ ማጠር እየቀለለ ይሄዳል። ሳንባ ውስጥ የፈረሱ የአየር ከረጢቶች አይመለሱም፣ ቀሪውን ግን ታተርፋለህ። የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ካገኘህ ተጠቀም። አክታህ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ካለህ ወይም ከከሳህ ግን «ማቆሜ ነው» ብለህ አትተወው፤ ቶሎ ታይ።