ሳይደር ጠምቄ ለማኅበር ላቅርብ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በሲያትል ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ከያኪማ የመጣ ፖም በርካሽ አግኝተን ጨመቅነውና የሥራ ባልደረባዬ እንዳሳየችኝ አድርጌ ሳይደር የሚባለውን መጠጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመቅሁ። አሁን ወጥ ቤት ጥግ ቆሞ ይፈላል። ለኅዳር ሚካኤል የማኅበራችን ተረኛ ስለሆንኩ በጠላ ፋንታ ላቀርበው አስቤ ነበር፤ አንዲት እናት ግን «አዳም የሳተበትን ፍሬ ጠምቀሽ ለመልአኩ ዝክር?» ብለው ተቆጡኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል? ከፍሬ ብቻ የተሠራ ስለሆነስ በጾም ይጠጣል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከእናታችን ቁጣ ልጀምር። ለዝክሩ ክብር መቆርቆራቸው ደግ ነው፤ ማስረጃቸው ግን አያስኬድም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 የዛፍ ፍሬ ይላል እንጂ ፖም አይልም። በእኛ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ስም ዕፀ በለስ ነው፤ ፖሙ የሚታየው በምዕራባውያን ሥዕል ላይ ነው። በለስስ ቢሆን? በየገበያው ይሸጣል፣ ስለ አዳም ብሎ የተወው ሰው አላየሁም። አባታችንን የጣለው ትእዛዝ ማፍረሱ ነው።

መጥመቁም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታ በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወይን አድርጓል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ የኤፌሶንን ሰዎች ደግሞ በወይን ጠጅ አትስከሩ ብሏቸዋል። ጠላውም በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ ካህን ሲባርከው የኖረ ነው። ሳይደር ጌሾ አይገባበትም እንጂ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጥበት መንገድ ከጠላው አይለይም፤ ባዕድ መጠጥ ነው ተብሎ የተለየ ፍርድ አይሰጠውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የፖም ጭማቂ ብቻውን ሲፈላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ አልኮል ይይዛል፤ ስኳር ከተጨመረበት ከዚያም ይበረታል። ጠላን ሰው ያውቀዋል፤ ስንት ጣሳ እንደሚበቃውም ያውቃል። ይህንን ግን የማያውቁት እናቶች ቀዝቅዞ ሲቀርብላቸው ጭማቂ መስሏቸው ሦስት ብርጭቆ ሊጠጡ ይችላሉ። ደግሞም በሀገር ቤት ከማኅበር በእግር ይኬድ ነበር፤ በሲያትል ሁሉም መኪናውን አስነሥቶ ነው የሚሄደው። ነቢዩ ዕንባቆም ባልንጀራውን ለሚያሰክር ወዮለት ማለቱን ተረኛ ሁሉ ቢያስበው መልካም ነው። ከመጠጥ ጋር ታግሎ የተወ ሰው በማኅበሩ ካለ ደግሞ ከነጭራሹ አታቅርቢው፤ ሮሜ 14፥21 ወንድምህ የሚሰናከልበትን ወይን አለመጠጣት መልካም ነው ይላል። የአንድ ሰው ንስሐ ከአንቺ የመጀመሪያ ጥንስስ ይበልጣል።

ስለ ቀኑም አትቸኩዪ። ሲሉ እንደሰማሁት በክፍል ሙቀት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈላል፤ ከዚያ አተላው ወደ ታች ወርዶ እስኪጠራ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል። ለኅዳር 12 ይድረስልኝ ብለሽ መፍላቱ ሳያበቃ በጠርሙስ ብታሽጊው የታፈነው ጋዝ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ካልደረሰ የዘንድሮው ዝክር በቅራሪ ይለፍ። መልአኩ አይቀየምሽም።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባልና ጥያቄሽ በወቅቱ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለትም ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾም ነው። «ከፍሬ ብቻ» ያልሽውን ግን አንዴ መርምሪው፤ አንዳንድ ጠማቂ መጠጡን ለማጥራት ጄላቲን ይጨምርበታል፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፣ አንዳንዱም ከአሳማ። ይህ ከሌለበት እንደ ጠላው የጾም ነው። እስከ ተወሰነው ሰዓት ግን ምግብም መጠጥም አይቀመስም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ጾምን በመጠጥ ማለፍ ምን ይረባል? ዳንኤል በሦስቱ ሱባዔ ሥጋም ወይንም በአፉ አላስገባም። እኔን ከጠየቅሽኝ እስከ ገና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ሲቆይ ጣዕሙ ይሻላል ይላሉ።

ማኅበሩ ቅዳሜ ማታ ከሆነ፣ በማግሥቱ የሚቆርቡ ሰዎች ከመቁረባቸው በፊት 18 ሰዓት እንደሚጾሙ አትርሺ፤ ቅመሱልኝ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። ሳትጠይቂኝ ልጨምርና፣ ለመባ ከሆነ የምትወስጂው ዘቢብ፣ ዕጣን ወይም ጧፍ ነው። ጌታ ጽዋውን ሲሰጥ የወይን ፍሬ ብሏል፤ ዲያቆኑም በቤተ ልሔም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ የመሥዋዕት ማዘጋጃ ቤት፣ ለቁርባን የሚያዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢብ ቢጠፋ እንኳ ሳይደር አይተካውም።

ሌላው የሀገሩ ሕግ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለቤተሰብ ፍጆታ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዐዋቂዎች ባሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣትም እንዲሁ። ስለዚህ ለሕንጻ ማሠሪያ በጨረታ እናውጣው የሚል ቀናተኛ የኮሚቴ አባል ቢመጣ በትሕትና እምቢ በዪው። 21 ዓመት ላልሞላው ልጅም አይቀዳም፤ ዝክር ነው፣ ይቅመስ ማለት አይሠራም።

እንግዲህ ከደረሰልሽና የሚሰናከል ሰው ከሌለ፣ ካህኑ ከባረኩት በኋላ በትንንሽ ብርጭቆ አቅርቢው፤ ምን እንደሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ። ለማይጠጡትና ለልጆች ያልፈላውን ጭማቂ በሌላ ማንቆርቆሪያ አድርጊና በሁለቱም ላይ ስማቸውን ጽፈሽ ለጥፊባቸው፤ በመልክ ይመሳሰላሉና።