በጌቴሴማኒ የጸለየው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደ ምን ሰነበቱ? የምኖረው በዐረብ አገር ነው። አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ባልንጀራዬ «ኢየሱስ አምላክ ከሆነ በጌቴሴማኒ ወደ ማን ጸለየ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «የጸለየውና ያለቀሰው ሰውየው ነው፤ ሙት ያስነሣው ግን አምላኩ ነው» ብዬ መለስሁላት። እርሷ «እንግዲያስ ሁለት ናቸው ማለት ነው» ስትለኝ የምለው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሃይማኖቴ የወጣሁ እየመሰለኝ ወደ ቅዱስ ቁርባን ለመቅረብ ፈርቻለሁ። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ምሥጢረ ሥላሴንና ምሥጢረ ሥጋዌን (የአምላክን ሰው መሆን) ተምረሽ ያደግሽ መሆኑ ከአጠያየቅሽ ስለሚታይ ወደዚያ አልመለስም። የጌታን አምላክነትም አልተጠራጠርሽም። የሳትሽው አምላክነቱን ለመጠበቅ በመረጥሽው መንገድ ነው፤ ይህንም ስሕተት ከመናፍቃን ይልቅ ከጾመኞችና ከአስቀዳሾች፣ አልፎ አልፎም በጉባኤ ቆመው ከሚያስተምሩ ወንድሞች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስለ ጌታ ትሕትና የሚናገር የወንጌል ቃል ሲጠቀስባቸው ይደነግጡና ረኀቡን፣ ድካሙን፣ እንባውንና ጸሎቱን ለአንድ ሰው፣ ተአምራቱን ደግሞ ለአንድ አምላክ ያከፋፍላሉ፤ በዚህም አምላክነቱን ያስከበሩ ይመስላቸዋል። ባልንጀራሽ «ሁለት ናቸው ማለት ነው» ያለችው ከንግግርሽ በቀጥታ የሚወጣውን ነገር ስለሆነ እኔ አልፈርድባትም።

ይህ ክፍፍል አዲስ አይደለም። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስ ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ ልትባል አይገባም ብሎ በተነሣ ጊዜ የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ 12 ውግዘቶችን ጽፎለት ነበር። ከእነርሱም 4ኛው በወንጌልና በሐዋርያት መጻሕፍት ስለ ክርስቶስ የተነገረውን ቃል ለሁለት አካላት የሚያከፋፍለውን፣ ከፊሉን ከእግዚአብሔር ቃል ተለይቶ ለታሰበ ሰው፣ ከፊሉን ለቃል ብቻ የሚሰጠውን ያወግዛል። በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን የተሰበሰቡት 200 አባቶች ንስጥሮስን አውግዘው ከቤተ ክርስቲያን የለዩት በዚሁ ነገር ነው። አንቺም በየዕለቱ በጸሎትሽ «ወላዲተ አምላክ» እያልሽ ትጠሪያታለሽ፤ ከዚያ ተነሥተሽ «ያለቀሰው ሰውየው ነው» ካልሽ በጸሎት የመሰከርሽውን በክርክር አፈረስሽው። ከድንግል የተወለደው እርሱ አምላክ ከሆነ፣ በጌቴሴማኒ በግንባሩ የተደፋው ሌላ ከወዴት ይመጣል?

የአልዓዛርን ነገር ተመልከቺ። በዮሐንስ ወንጌል 11ኛው ምዕራፍ «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ የጠየቀው፣ እንባውን ያፈሰሰው፣ ዐይኖቹን ወደ ላይ አንሥቶ አባቱን ያመሰገነው፣ «አልዓዛር ሆይ፥ ወደ ውጭ ና» ብሎ የተጣራው አንድ ነው። ሙት ያስነሣው ድምፅ የወጣው በሥጋ አንደበት ነው፤ ያለቀሰውም ገንዘቡ ባደረገው ሥጋ ያለቀሰ እግዚአብሔር ቃል ነው። አባቶች «በሥጋ ተራበ፣ በሥጋ ታመመ፣ በሥጋ ሞተ» ሲሉ እንዴት እንደ ተራበና እንደ ሞተ መናገራቸው ነው እንጂ ሌላ ተራቢ፣ ሌላ ሟች ማምጣታቸው አይደለም። መለኮት በባሕርዩ አይራብም፣ አያለቅስም፣ አይሞትም፤ ስለዚህ የማይሞተው ሊሞት የሚቻለውን ሥጋ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ ተዋሐደው። በእሳት የጋለ ብረት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ እሳቱ ከብረቱ አይለይም፣ መዶሻውም እሳቱን አይጎዳውም፤ አባቶቻችን በዚህ ይመስሉታል፣ ምሳሌ ሁሉ ከምሥጢሩ ቢያንስም። ካህኑ በቅዳሴው ሥጋውን ደሙን ከማቀበሉ አስቀድሞ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለአንዲት ሰዓት፣ ለዐይን ቅጽበት ስንኳ እንዳልተለየ ይመሰክራል፤ ከዚህ ምስክርነት የጌቴሴማኒን ሌሊት የሚያስቀር ማንም የለም።

«ወደ ማን ጸለየ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ወደ አባቱ ጸለየ። ወልድን አብ ነው አንልምና ወደ ራሱ ጸለየ የሚለው ተቃውሞ እኛን አያገኘንም። የጸለየውም ከአብ ስለሚያንስ አይደለም፤ ሐዋርያው በፊልጵስዩስ መልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ እንዳለው በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ሳለ የባሪያን መልክ ስለ ያዘ ነው። ሰው ከሆነ ዘንድ የሰውን ሥራ ሁሉ፣ ከኃጢአት በቀር፣ ሠራ። አዳም በገነት የራሱን ፈቃድ ወደደ፤ ሁለተኛው አዳም በአትክልቱ ስፍራ ወድቆ «እኔ እንደምወድ አይሁን፣ አንተ እንደምትወድ ይሁን» አለ። ያልታዘዘው ባሕርያችን በዚያ ሌሊት ታዘዘ።

እዚህ ላይ «የጸለየው እኛን ለማስተማር ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ማስተማሩ እውነት ነው፤ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ በዙሪያው ስለ ቆሙት ሕዝብ እንደ ተናገረ ራሱ ገልጧል። «ብቻ» የምትለዋ ግን እንባውን ለይምሰል ታደርገዋለች፤ ሰውነቱንም ምትሐት ነው ከሚሉት ጋር ታስተካክለናለች። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በ5፥7 ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር ጸሎትንና ምልጃን እንዳቀረበ ይናገራል። ደግሞም በጌቴሴማኒ ከእርሱ ጋር ይተጉ ዘንድ ይዟቸው የሄደው ደቀ መዛሙርት ተኝተው ነበር፤ ለታይታ የሚጸልይ ሰው የሚያየው ሲያንቀላፋ ዝም ይላል፣ እርሱ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጸለየ።

ልጄ ሆይ፣ በዚህ ነገር አጥብቄ የምናገርሽ ስለ ቃላት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የተሰቀለው ከአምላክ የተለየ አንድ ጻድቅ ሰው ከሆነ ሞቱ የአንድ ጻድቅ ሞት ነው፣ እኛም በኃጢአታችን እንዳለን አለን። ቅዱስ ጳውሎስ ግን «የክብርን ጌታ ባልሰቀሉትም ነበር» አለ (1ኛ ቆሮ. 2፥8)፤ የተሰቀለውን የክብር ጌታ ብሎ ጠራው። በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ ኃይልና ክብር ለአምላካችን ለአማኑኤል ነው እያልን የምንዘምረው ለታሰረው፣ ለተገረፈው፣ ምራቅ ለተተፋበት ነው። የተተፋበትን ከአምላክነቱ ለይቶ የሚያስብ ያ ሁሉ ስግደት ለማን እንደ ሆነ ሊነግረኝ አይችልም።

ለባልንጀራሽ በትሕትና እንዲህ በያት፦ «አስቀድሜ የነገርሁሽ ትክክል አልነበረም። እኛ የምናምነው የእግዚአብሔር ቃል በእውነት ሰው እንደ ሆነ ነው፤ ሰው ከሆነም በእውነት ጸለየ፣ የጸለየውም ራሱ አምላካችን ነው።» ባትቀበልሽ አትከራከሪያት፤ ሰውን ወደ እምነት ማምጣት ያንቺ ሥልጣን አይደለም፣ የሚፈለግብሽ ያመንሽውን ሳታዛቢ መናገር ነው።

ስለ ፍርሃትሽ ደግሞ፣ ባለማወቅ የተናገረና ሲነገረው የሚመለስ ሰው ከሃዲ አይባልም። ከሃዲ የሚባለው እውነቱ ተገልጦለት በእልኸኝነት የሚጸና ነው። ነገሩን ለንስሐ አባትሽ በስልክም ቢሆን ንገሪያቸው፤ ከፈቀዱልሽ በኋላ በዚህ ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን አትራቂ።