ቩርተምበርግ በሃብስበርጎች እጅ ብትቀር ኖሮ

"ሃብስበርጎች በ1534 ቩርተምበርግን ባያጡ ኖሮ ደቡብ ጀርመን ካቶሊክ ሆኖ ይቀር ነበር ወይ?" ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጣም ወድጄዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ "ቢሆን ኖሮ" ልጽፈው ሞክሬ ስለነበር ያየሁትን ላካፍልህ። ሃብስበርጎች ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ቤተሰብ ናቸው፤ ቩርተምበርግ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የነበረ የመስፍን ግዛት ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የቀየርኩት ጦርነቱን ነበር። ሜይ 1534 ላውፈን ላይ የሄሰን ገዥ ፊሊፕ የኦስትሪያን ጦር አሸንፎ ስደተኛውን መስፍን ኡልሪክን ወደ ቩርተምበርግ መለሰው፤ አገሩም ከዚያ በኋላ ሉተራን ሆነ። እኔ ግን ኦስትሪያ አሸነፈች ብዬ ጀመርኩ። ሃያ ገጽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ታሪኩ ጸንቶ አልቆም አለኝ። የኦስትሪያው ገዥ ፈርዲናንድ በሐንጋሪ በኩል በኦቶማኖች ተወጥሯል። ቪየና ራሷ በ1529 ተከብባ ነበር። ፊሊፕ ደግሞ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ገንዘብ አግኝቷል። ዘንድሮ ቢሸነፍ ከርሞ ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ የገባኝ አገሩ እንዴት በሃብስበርጎች እጅ እንደገባ መለስ ብዬ ሳይ ነው። ኡልሪክ በ1519 ነጻዋን ከተማ ሮይትሊንገንን ወረረ። የከተሞች፣ የመሳፍንትና የባላባቶች ኅብረት የሆነው የሽቫቤን ሊግ ተነስቶ አባረረው። ሊጉ የጦርነቱን ወጪ ለማካካስ በ1520 አገሩን ለሃብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ለካርል 5ኛ ሸጠው፤ ካርልም ለወንድሙ ለፈርዲናንድ ሰጠው። አገሩን ይዞ ያቆየው እንግዲህ ሊጉ ነበር። በ1534 መጀመሪያ የሊጉ ውል ሳይታደስ ሲቀር ፊሊፕ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩን ያዘ።

ውሉ ለምን አልታደሰም? አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነው። እኔን የያዘኝ ግን የኡልሪክ ልጅ ክሪስቶፍ ነው። በሃብስበርጎች እጅ ያደገ ልጅ ነው። በ1532 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የአልፕስን ተራሮች ሲያቋርጥ አምልጦ ጠፋ። ገና 17 ዓመቱ ነበር። እናቱ የባቫሪያ መሳፍንት እህት ናት። አጎቶቹ ካቶሊክ ቢሆኑም ሃብስበርግ ዙሪያቸውን እንዳያጥራቸው ይፈሩ ነበርና ከልጁ ጎን ቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት አውግስቡርግ ላይ ሊጉ ፊት ቀርቦ ርስቴን መልሱልኝ አለ። ይህ ልጅ ባያመልጥ ኖሮ ባቫሪያዎች ውሉ እንዳይታደስ የሚያነሱት ምን ምክንያት በእጃቸው ነበራቸው?

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቱቢንገን በነበርኩ ጊዜ ወደ ሮተንበርግ በብስክሌት እሄድ ነበር። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቱቢንገን የሉተራን ከተማ ናት። ትንሽ እንደሄድክ ግን የተሰቀለው ክርስቶስ ምስል መንገድ ዳር ቆሞ ታያለህ፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ የቩርምሊንገን ጸሎት ቤት አለ። ሮተንበርግ ስትደርስ የካቶሊክ ጳጳስ መቀመጫ ነው። ወንዙ ያው ኔካር ነው፣ አፈሩም ያው ነው። ልዩነቱ ሮተንበርግ ከ1381 ጀምሮ እስከ ናፖሊዮን ዘመን የሃብስበርግ መሆኗ ነው። ብስክሌቴን አቁሜ ዙሪያውን ሳይ ቩርተምበርግ ሁሉ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ኮንስታንዝንም ተመልከት። ፕሮቴስታንት ሆና ነበር፤ በ1548 ሃብስበርጎች ያዟትና ወደ ካቶሊክ መለሷት።

ግን ወዲያው አይሆንም ነበር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩል ይመስለኛል። የቩርተምበርግ ተወካዮች ጉባኤ በ1514 የኡልሪክን ከ900,000 ጉልደን በላይ ዕዳ ተሸክሞ በምትኩ መብቱን በጽሑፍ አስፈርሟል። ፈርዲናንድ ለቱርክ ጦርነት ግብር ሲፈልግ እነዚህኑ ሰዎች መለመኑ አይቀርም። በኦስትሪያም የሉተራን መኳንንት ገንዘብ እየሰጡ ነው የአምልኮ ፈቃድ ያገኙት፤ ጠንካራው ማስገደድ የመጣው ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለት ትውልድ ያህል በየቤቱ የሉተርን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ፣ እሁድ ግን ቅዳሴ የሚቆም ሕዝብ ነው የምጽፈው። በ1536 የተቋቋመው፣ የሥነ ፈለክ ሊቁን ኬፕለርን ያስተማረው የቱቢንገን የሉተራን ሰባኪዎች ማሠልጠኛም አይኖርም።

ልትጽፈው ካሰብክ ላውፈንን ተወውና ከአልፕሱ መንገድ ጀምር። ጠባቂዎቹ ልጁን እንዲደርሱበት አድርግ።