ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እንቅስቃሴም ምግብ መመጠንም ጀምሬ የማቋርጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ሲሆን ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ነው። ክብደቴ 91 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። በቅርቡ በባዶ ሆድ ስመረመር የደሜ ስኳር 112 ሆኖ ተገኘ። በእግር እንድሄድና ምግብ እንድመጥን ተመክሬ በየጊዜው በታላቅ ወኔ እጀምራለሁ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ይለኛል፣ ወይም ሰርግ አለዚያም ለቅሶ ይገጥመኝና እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠያቂያችን። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል። የእርስዎ 112 ከዚያ በታች ቢሆንም ከጤናማው ልክ አልፏል። በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከክብደታቸው 7 በመቶውን ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ አቅደው የሠሩት ወገኖች ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለእርስዎ 7 በመቶው ከ6 ኪሎ ተኩል ያነሰ ነው። ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ሃያ ኪሎ ለማውረድ ስለሚነሡ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ የሚቆመው በእርስዎ ስንፍና አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ይይዛል፤ እያንዳንዱም ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ አብሮት ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንሱ ቀድሞ የሚጎድለው ይኸው ክምችት ከነውሃው ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ስብን መቀነስ ነው፤ እርሱም ዝግተኛ በመሆኑ በሳምንት ግማሽ ኪሎ መውረዱ መልካም ውጤት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ሚዛን ላይ መውጣቱን ትተው በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ይመዘኑ፤ ወገብዎንም በሜትር ይለኩ፤ አንዳንዴ ሚዛኑ ቆሞ ወገብ ይቀንሳልና።

ሰርግና ለቅሶን በተመለከተ፣ በወሎ ኑሮ እነዚህ የሚጠበቁ ነገሮች እንጂ ድንገተኛ አደጋዎች አይደሉም፤ እነርሱን ያላሰበ ዕቅድ ካለ የሚወቀሰው ዕቅዱ ነው። በለንደን 96 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አዲስ ተግባር ልማድ ሆኖ እስኪሰርጽ ድረስ እንደየሰዉ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ፣ አንድ ቀን ማጓደልም ሂደቱን ያን ያህል እንደማያደናቅፍ አሳይቷል። የሚጎዳው የተጓደለው ቀን ሳይሆን «እንግዲህ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጨመረው ሳምንት ነው። በመሆኑም በክፉ ቀን እንኳ የማይቀር ትንሽ ልክ ያስቀምጡ፤ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ የ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ስለሚስብ ይህች ጉዞ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ታደርጋለች፤ ቀሪውን ደግሞ በሚመችዎ ቀን ያሟሉታል። የደሴ ዳገት እዚህ ላይ ያግዝዎታል፤ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ ዘፈን ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት በቂ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ቤት ውስጥ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥም የጭን ጡንቻን ያሠራል።

ምግብን መመጠን ማለት ከመሶብ መሸሽ አይደለም። የጥጋብ ስሜት እስኪሰማ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላልና ቀስ ብለው ይብሉ፤ ጎመኑንና ምስሩን ያስቀድሙ፤ እንጀራውን አንድ ጊዜ ወስደው ተጨማሪ አያስመጡ። ጉርሻን እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ተቀብለው ከራስዎ ድርሻ ይቀንሱ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቡናው ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 25 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለተሻለ ጤና የተጨመረ ስኳር በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመክራል፤ ሻይና ለስላሳው ገና አልተቆጠሩም። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ በየሲኒው አንድ ማንኪያ መቀነስ ብቻውን ልኩን በግማሽ ያወርደዋል፤ ምላስም በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል።

ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ በሦስት ወር ውስጥም የደም ስኳርዎን በድጋሚ ያስመርምሩ። ሲሄዱ ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ጉዞዎን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።