ዱቲ ላይ ያለውን ማን ያያል? የጤና ባለሙያዎች ስለ ጭንቀት የጠየቁኝ

በሙያዬ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ በኋላ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ ታማሚ ማየት፣ ታማሚ የሚያዩትንም ማዳመጥ። ኅዳር 2018 ደቡብ ኦሞ፣ ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሲረጋገጥ ያው የጭንቀት ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የጤና ባለሙያዎችን «ስለ ጭንቀታችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ። የሁላችሁም ባይሆን የብዙዎቻችሁ ይኸው። ማንነታችሁን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ነርስ ነኝ። ማርበርግ ገባ የተባለ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። ስንት ዓመት የሠራሁትን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት አቃተኝ። ፈሪ ሆኜ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። እኔን የሚያስፈራኝ የማይፈራ ነርስ ነው። ሰውነትሽ አደጋ ሲያይ ልብሽን ያስሮጣል፣ ጡንቻሽን ይወጥራል። ለመሸሽ የተዘጋጀ እጅ ደግሞ ደም ሥር ለመፈለግ አይመችም። ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2017 መጀመሪያ ሩዋንዳ ላይ ማርበርግ ሲነሳ ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የሞቱት ግን 15 ናቸው። ቶሎ ተለይቶ ደህና ክትትል ያገኘ ሰው የመዳን ዕድል አለው ማለት ነው። ሁለቱንም አብረሽ ያዢ፤ ወሬ የሚነግርሽ የፊተኛውን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ፍርሃትን ከምክር ይልቅ ልምምድ ይቀንሰዋል። በተለይ ፒፒኢ (የመከላከያ ልብስ) ማውለቅን ተለማመጂ። ስትለብሺ ንጹሕ ነሽ። ስታወልቂ ግን ደክሞሻል፣ ላብ በላብ ሆነሻል፣ ለመገላገል ትቸኩያለሽ። ስለዚህ ብቻሽን አታውልቂ። አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንቺ የተነበበውን ብቻ አድርጊ። እጅሽ የተንቀጠቀጠ ቀን ካኑላውን ለጓደኛሽ ስጪና ቻርቱን ያዢ። ነገ ትለዋወጣላችሁ።

ጥያቄ፦ ከዱቲ (ከሥራ ተራዬ) ስመለስ የአራት ዓመት ልጄ እየሮጠች ትመጣለች። «አትንኪኝ!» ብዬ እጮኻለሁ። አሁን አሁን ስገባ ወደ ጓዳ መሄድ ጀምራለች።

መልስ፦ ልጅ ምክንያቱ ካልተነገራት «አጥፍቼ ነው» ብላ ትደመድማለች። በር ላይ ቆመሽ ሳይሆን ረፍት የወጣሽ ቀን ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። «እማዬ የምትውለው ከታመሙ ሰዎች ጋር ነው። መጀመሪያ ትታጠባለች፣ ከዚያ ታቅፍሻለች» በያት። ታክሲ ስትሳፈሪ ደውዪላት፤ ፎጣሽን እሷ ታዘጋጅ። ሥራ የተሰጠው ልጅ አይፈራም። ከታጠብሽ በኋላ ግን ዕቅፉን እንዳታስቀሪው፤ «ደክሞኛል» ተብሎ የሚቀረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሌሊት ሠርቼ ቀን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ዱቲ ላይ ቡናና አንዳንዴ ጫት ያቆዩኛል። ለመተኛት ደግሞ ዲያዜፓም (የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት) ጀመርኩ።

መልስ፦ ዶክተር፣ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለራስ ሲሆን ነው የሚረሳው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጠጡት ቡና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ አልጋ ውስጥ እያሉ፣ ግማሹ አብሮዎት አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ይተዉት። ጫቱም ከዚያ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ያነቃዎታል፣ ከዚያ ድብት ያደርግዎታል፤ የምግብ ፍላጎትዎንም ይወስደዋል።

ስለ ዲያዜፓም ግልጹን ልናገር። ካቢኔቱ አጠገባችን ስለሆነ ለራሳችን ማዘዝ ይቀለናል። ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ሳምንታት ሲቆይ ግን ሰውነት ይለምደዋል። ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣም ማታ ዱቲ ላይ ያፈዝዎታል። በየቀኑ ከወሰዱ ከራርመው ከሆነ ደግሞ በአንዴ አያቁሙት፣ አደገኛ ነው። ሌላ ሐኪም እያየዎት ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ለመተኛት መስኮቱን በጥቁር ነገር ይሸፍኑ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፣ የቤት ሰውም እስከ ስንት ሰዓት እንደማይቀሰቅስዎት ይወቅ። ዱቲ ሊገቡ ሲሉ ትንሽ ማሸለብም ብዙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነበርኩ። አንድ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ)፣ ሁለት ታማሚ። ለአንዱ ተሰጠ፤ ሁለተኛዋ ሞተች። ለልጇ በስልክ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ አሁንም ይሰማኛል። ይህም ጭንቀት ነው የሚባለው?

መልስ፦ ጭንቀት የሚለው አይበቃውም። የሕሊና ቁስል ነው። ትክክለኛውን ነገር እያወቅህ፣ እጅህ አጥሮ፣ ሌላ ነገር ስታደርግ ውስጥህ የሚቀር ቁስል ነው። «በረጅሙ ተንፍስ» የሚለውን ምክር ብዙዎቻችሁ ንቃችሁ የተዋችሁት ለዚህ ይመስለኛል። ትንፋሽ ልብን ያረጋጋል፤ ያልነበረን ቬንትሌተር አያመጣም።

ከባልደረቦቼ ጋር ያደረግነውን ልንገርህ። ወረቀት አውጥተን ያን ቀን እንዳለ እንጽፈዋለን። ምን መሣሪያ ነበር? ውሳኔውን ማን ወሰነ? በምን መመዘኛ? ሁለት ቢኖር ምን ታደርግ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ሁሉም «ለሁለቱም እሰጥ ነበር» ይላል። ከዚያ ዝም እንላለን። ጥፋት የመሰለው ነገር እጥረት እንደነበረ ሰው ራሱ በእጁ ጽፎ ሲያየው ይለያል። ሐዘኑ ይቆያል፤ ራስን መክሰሱ ግን ይለዝባል።

መርዶው ደግሞ ለብቻው ይታይ። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ኮሮና ይህን ሁሉ አፍርሶ አንድ የደከመ ነርስ እጅ ላይ ስልክ አስቀመጠ። እዚያ ማዶ ልጁ ብቻውን ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን አታውቅም። ማንም አላሠለጠነህም። ዛሬ ለሚያደርጉት የምለው ይህን ነው፤ መጀመሪያ «አጠገብህ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ ሰው እስኪጠራ ጠብቁ። «ሞተች» የሚለውን ቃል አታድበስብሱት፤ «ተባብሶባታል» ከተባለ ቤተሰብ ምግብ ይዞ በር ላይ ይመጣል። ስትጨርሱ ደግሞ ወዲያው ወደ ሌላ አልጋ አትሂዱ። እኛ ዘንድ ስልኩን የዘጋው ሰው ሌላው ቡና እስኪያቀርብለት ድረስ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ማንም አላዘዘንም፣ እንዲሁ ለመደ።

የትኛው ታማሚ ቬንትሌተር ያገኛል የሚለው ደግሞ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። መመዘኛው አስቀድሞ ተጽፎ በቡድን ይወሰን። ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ነው የሚጻፈው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። በኮሮና ጊዜ የማጥባቸው የማጎርሳቸው እናቶች ተከታትለው ሞቱ። ዓመታት አልፈው አሁንም በሕልሜ ይመጣሉ። ያ ኮሪደር ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል።

መልስ፦ ልክ ያን ሰሞን ቢሆን «ጊዜ ይስጡት» እል ነበር። ከወር በላይ የቆየ ቅዠት፣ ቦታ መሸሽ፣ መደንገጥ ግን ሕክምና ይፈልጋል። ዓመታት ቢያልፉም ይሠራል፤ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ያን ትዝታ ቀስ ብሎ የሚያነሳ የንግግር ሕክምና ነው። ብዙ አሠሪዎች ለሠራተኛ ነፃ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ይጠይቁ፣ ለአለቃዎ ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅብዎትም። በጣም የጨነቀዎት ሌሊት ወደ አሜሪካው የአእምሮ ቀውስ የስልክ መስመር 988 ይደውሉ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ እነዚያን እናቶች እንደ ዘመድ ጦረዋቸው፣ እንደ ባዕድ ነው የተለዩዎት። ለቅሶ አልተቀመጡም። ስማቸውን ጠርተው ሻማ ቢያበሩላቸው የሚከለክልዎት የለም።

ጥያቄ፦ ማትረን (የነርሶች ኃላፊ) ነኝ። በጀት የለኝም። በሥሬ ለሚሠሩት ልጆቼ ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ እትዬ፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ነዎት መድኃኒታቸው። የዱቲ ፕሮግራሙን ቀደም ብለው ይለጥፉ። ማታ «ነገ ግቢ» ተብሎ የሚደወልለት ሰው ረፍት ላይም አይተኛም። አዲሱን ከነባር ጋር ያጣምሩ። ፒፒኢ የለበሰ ሰው ሽንት ቤት እንዳይሄድ ብሎ ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ጠብቀው በግድ ያስወጡት፣ ያጠጡት። መጥፎ ዜና ካለ እርስዎ ይንገሯቸው፣ ከፌስቡክ አይስሙት። የተጋላጭነት ክፍያ ከዘገየም ለምን እንደዘገየ ይንገሯቸው። ሰው ከሞተ በኋላ ግን ሁሉንም ሰብስበው «የተሰማችሁን ተናገሩ» ብለው አያስገድዱ። ወዲያው በግድ ማናገር እንደማይጠቅም ተጠንቷል። የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ ሻይ ይጠጣ። «ጀግኖቼ» ማለቱንም ይቀንሱት። ጀግና ደከመኝ ማለት ያፍራል።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሐኪምና ስለ ነርስ ይወራል። እኛ ያንኑ ክፍል አይደል የምናጸዳው?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ሌላ የምለው የለኝም። ትውከቱን የምትጠርጊው አንቺ ሆነሽ ሥልጠናው ላይ አለመጠራትሽ ግፍ ነው። ማትረኖች፣ ይህን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጸበል ልሂድ ወይስ ሐኪም ዘንድ?

መልስ፦ ሁለቱም። መድኃኒት ከጀመርክ ግን ጸበል ላይ ነኝ ብለህ አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ባልደረባዬ ተለውጧል። የሚያሳስበኝ መቼ ነው?

መልስ፦ የሚቀልድ ሰው ታማሚን «ያ አልጋ 6» ብቻ ማለት ሲጀምር፣ ሥራው ትርጉም ሲያጣበት፣ ሲደክም ውሎ ሲደክም ሲያድር፣ መሰላቸት ነው፤ ረፍትና የሥራ ለውጥ ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር ካላስደሰተው፣ ካልበላ ካልተኛ፣ ሐኪም ይየው። «ብገላገል ይሻለኝ ነበር» ካለ ግን ቀልድ ነው ብለህ አትለፈው። «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አትተወው። ያን ዕለት ራስህ ይዘኸው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ቅርብ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ምንም አልሆንኩም። ኮሮና ክፍል ሠርቼ ደህና ተኛሁ፣ ደህና በላሁ። ችግር አለብኝ እንዴ?

መልስ፦ የለብህም ወንድሜ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያልፈው። ደህና ስለሆንክ ብቻ የሁሉንም ዱቲ እየሸፈንክ ከሆነ ግን ያልወሰድከውን የዓመት ፈቃድ ዛሬውኑ ጠይቅ።