«ሁሉም ደመወዝ ነው ይላሉ»

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ብቻ ስድስት መምህራን ለቀቁብኝ። ለምን ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ»። ደመወዝ መጨመር ደግሞ በእኔ እጅ አይደለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኔም ስለቅ «ደመወዝ» ብዬ ነው የወጣሁት። ውሸቴን ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የአንድ ተማሪ አባት «ልጄን ለምን ጣልሽው?» ብለው ቢሮ ውስጥ ይጮሃሉ። ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ አንዲት ነገር ሳይጠይቁኝ፣ «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ውጤቱ ይስተካከላል» አሉ። የልጁ የፈተና ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዓመቱን እንደምንም ጨርሼ መልቀቂያ አስገባሁ።

ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገርኳቸውም? የሥራ ልምዴን የሚፈርሙልኝ እሳቸው ናቸዋ!

ገንዘብ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ይስቅብኛል። ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የኒው ዮርክ ከተማ ጀማሪ መምህራንን ስለ ሥራ ሁኔታቸው ጠይቆ ነበር። የከተማው መንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚከፈላቸው በአንድ የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው። ለመቆየትም ሆነ ለመሄድ ውሳኔያቸው ከሕንፃውም፣ ከተማሪው ጠባይም በላይ የከበደው ስለ አስተዳደሩ ያላቸው አስተያየት ሆኖ ተገኘ።

እስኪ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አውጥተው ይመልከቱት። አስቸጋሪው ክፍል የተሰጠው ለማን ነው? ለአዲሷ መምህርት ከሆነ፣ ነባሮቹ የሸሹትን እሷ ተሸክማዋለች ማለት ነው። ክፍል ገብተው ሲከታተሉስ? ከኋላ ተቀምጠው ቅጽ ሞልተው ከወጡ፣ ስለላ ነው የሚመስለው። በዚያው ቀን አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ቢያነጋግሯት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወላጅ ሲመጣም አስቀድመው መምህሩን ለብቻው ይስሙት። አጥፍቶም ከሆነ የሚነገረው ለብቻው ነው።

ለስድስቱም ይደውሉላቸው። ግን መጀመሪያ የሥራ ልምዳቸውን ፈርመው ይስጡ። ከዚያ «ምን ባደርግ ትቆዩ ነበር?» ይበሉ። የሚሰሙት ላያስደስትዎት ይችላል፤ አይከራከሩ፣ ዝም ብለው ይጻፉት።