ማሽኑ ሲፈጥን ውጤቱ ለምን ይዘበራረቃል?

ጥያቄ፦ የመካኒካል ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን የካርቦን ፋይበርና ኢፖክሲ ናሙናዎች ከጫፋቸው ወደ ላይና ወደ ታች በመሳብ ንብርብራቸውን አላቅቃለሁ። ማሽኑ በደቂቃ 2 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙ በካሬ ሜትር 200 ጁል አካባቢ ይወጣል። ወደ 500 ሳሳድገው ግን ውጤቱ ከናሙና ናሙና ይለያያል፤ አማካዩም ዝቅ ይላል። የተለወጠው ቁሱ ነው ወይስ ልኬቱ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግን ልኬቱ ነው። የናሙናዎ ኢላስቲክ ሞዱለስ (የመለጠጥ ግትርነቱ) 130 ጊጋ ፓስካል ነው ብለን እናስላ። ስንጥቁ 50 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ አፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መከፈት አለበት። በዝግታው ፍጥነት ይህ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ በ500 ግን ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። መዝጋቢው በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ የሚያነብ ከሆነ በእጅዎ ያለው አምስት ነጥብ ነው፤ ከፍተኛው ጭነት በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል፣ ውጤቱም ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። ቢያንስ በሰከንድ 1000 ንባብ ያድርጉት።

ከፍተኛው ጭነት ራሱ 43 ኒውተን ገደማ ነው። ይህን በ50 ኪሎ ኒውተን ሎድ ሴል (የጭነት መለኪያ) በትክክል መለካት አይቻልም፤ ከ500 ኒውተን የማይበልጥ ይግጠሙ። ናሙናውን ከማሽኑ ጋር በሚያገናኘው ማጠፊያ ላይ ያለውን ልልነትም ሙከራው ሳይጀመር ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ካልሆነ የማሽኑ ክንድ ድንገት ሲይዝ ጭነቱ ይርገበገባል።

ትልቁ ችግር የስንጥቁን ርዝመት ማንበብ ነው። በ500 ፍጥነት ስንጥቁ በሰከንድ 53 ሚሊ ሜትር ይሮጣል። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 1.8 ሚሊ ሜትር ያመልጠዋል። ጭነቱ ስለሚርገበገብ ከአፉ ስፋትና ከስንጥቁ ርዝመት ብቻ ካሰሉ ደግሞ ርዝመቱ ወደ አራተኛ ኃይል ከፍ ብሎ ስለሚገባ ይህ ስህተት 14 በመቶ ያህል ይሆናል። የናሙናውን ጠርዝ ነጭ ፍሉድ ቀብተው በየ1 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ያድርጉበት፤ ካሜራውም በሰከንድ 1000 ምስል የሚያነሳ ቢሆን ይመረጣል።

ልኬቱ ከጠራ በኋላ ልዩነቱ ከቀጠለ ወደ ሬዚኑ፣ ማለትም ፋይበሩን ወደሚያጣብቀው ኢፖክሲ፣ እንሂድ። ፕላስቲክ ለመለጠጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ በፍጥነት ሲጫን እንደቀዘቀዘ ያህል ይደርቃል፣ ከስንጥቁ ጫፍ ፊት ለፊት ያለው የሚለጠጠው ክፍልም ይጠብባል። ተራ ኢፖክሲ ላይ ይህ ክፍል ከመጀመሪያውም ጠባብ ስለሆነ በእርስዎ የፍጥነት ክልል ትልቅ ለውጥ አይጠበቅም፤ የታተሙ ውጤቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። እንደ ፒክ ያለ ቴርሞፕላስቲክ (ሲሞቅ የሚቀልጥ ፕላስቲክ) ወይም በጎማ የተጠናከረ ኢፖክሲ ግን የሚያጣው ብዙ አለ። እዚያ ስንጥቁ ቆም እያለ መዝለል ይጀምራል፤ የጭነቱ መስመር የመጋዝ ጥርስ ሲመስል የመነሻውንና የመቆሚያውን ዋጋ ለየብቻ ይመዝግቡ።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን፦ የማሽኑ ፍጥነት የስንጥቁ ፍጥነት አይደለም። ክንዱ በደቂቃ 2 ሚሊ ሜትር እየሄደ ስንጥቁ 50 ሚሊ ሜትር ላይ በደቂቃ 13 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ 100 ላይ ሲደርስ ወደ 6 ይወርዳል። ስለዚህ ግራፍዎን በስንጥቁ ፍጥነት ይሥሩት። ሁሉንም ናሙናዎች ከአንድ ሰሌዳ ቆርጠው፣ በ1፣ በ10፣ በ100 እና በ500 ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ይፈትኑ። መነሻ ስንጥቅ የሚፈጥረው የቴፍሎን ፊልም ከ13 ማይክሮን አይብለጥ፤ ከወፈረ ጫፉ ላይ ሬዚን ይጠራቀምና የመነሻውን ዋጋ ያዛባል። የዚህ ሙከራ ስታንዳርድ የሆነው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ5528 የሚፈቅደው የማሽን ፍጥነት በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን «በስታንዳርዱ መሠረት» ብለው አይጻፉ።

ጥያቄ፦ በዝግታ የተለካው ቁጥር የአውሮፕላን ክንፍ ላይ መፍቻ ሲወድቅ የሚደርሰውን ጉዳት ይነግረናል?

መልስ፦ አይነግርም። ከ1 ሜትር የወደቀ መፍቻ በሰከንድ 4.4 ሜትር ይመታል፤ ንብርብሮቹንም በዋናነት የሚያላቅቃቸው እርስ በርስ መንሸራተታቸው እንጂ መከፈታቸው አይደለም። ለዚህ በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ስታንዳርድ ዲ7136 ክብደት ጥሎ መምታት፣ ቀጥሎም በዲ7137 ጨምቆ የቀረውን ጥንካሬ መለካት ያስፈልጋል።